አጭር አስተያየት አለኝ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ አንድ የጥናት ውይይት ነበር። ርዕሱ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው። አቅራቢዋ ወጣት ናት። ሃያ ደቂቃ ተሰጣት፤ በአሥራ ዘጠኙ ጨርሳ ተቀመጠች። መድረክ መሪው «ጥያቄና አስተያየት፣ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ» አለ። ይኼኔ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ እጅ ተነሣ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። እናንተም ነበራችሁ። ደሴ ባትኖሩ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አዳራሽ ነበራችሁ፤ እጁ ግን ያው እጅ ነው።

ይህን እጅ ሰው ሁሉ ያማዋል። ሐሜት ነውር ስለሆነ እኔ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

መጀመሪያ የማመሰግነው አለማንበባቸውን ነው። ጽሑፉ ከሳምንት በፊት ተባዝቶ ታድሏል። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። የኛ ጋሼ በጠረጴዛው ላይ የቡና ስኒ አስቀምጠውበታል እንጂ አልገለጡትም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ያነበበ ሰው በአሥራ ሁለት ገጽ ታጥሮ ይቀራል። «ገጽ አምስት ላይ እንዲህ ብለሻል» ብሎ ይጀምርና በሁለት ደቂቃ ጉዳዩ ያልቅበታል። ያላነበበ ሰው ግን ሜዳውም ፈረሱም የሱ ነው።

አረፋፈዳቸውም ግርማ አለው። ልጅቷ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስትደርስ ገቡ። ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ሰላምታ አዳረሱ። የተቀመጠውን አስነሡ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ጠየቁ፣ አንዱን «ጠፋህ እኮ!» ብለው ወቀሱ። ልጅቷ ዝም ብላ ጠበቀች። ወሎዬ ናት፤ ሰላምታ አታቋርጥም።

አሁን ወደ አስተያየቱ።

«ጥያቄ የለኝም፤ አጭር አስተያየት ነው» አሉ። ማይኩን ሁለት ጊዜ በጣታቸው መቱት። ይሰማል? ይሰማል። ከኋላስ ይሰማል? ከኋላም ይሰማል። ፒያሳም ይሰማል። ጦሳ ተራራ ላይ ያለ እረኛም ይሰማል።

አዘጋጆቹን አመሰገኑ። ቀጥለው አዘጋጆቹን ያላመሰገኑትን ወቀሱ። ከዚያ ከ1974 ዓ.ም. የሥራ ቅጥራቸው ጀምረው ራሳቸውን አስተዋወቁ። አሁን ወደ ውጫሌ ይሄዳሉ ብለን ስንጠብቅ ወደ ቦሩ ሜዳ ታጠፉ።

አልከፋንም። ቦሩ ሜዳ ቅርባችን ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦታ ነው። የሁለት ልደትና የሦስት ልደት ሊቃውንት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተከራከሩ፣ ፍርድ ተሰጠ፣ ጉባኤው ተበተነ። የዘመናት ክርክር ነበር፤ ያም ቢሆን ተበተነ። የኛ ጋሼ ጉባኤ ግን ገና መግቢያው ላይ ነው።

ከቦሩ ሜዳ ሐይቅ ገቡ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ እንዳስተማሩ ነገሩን። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ምንም አልዋሹም። ሐይቅ ሲነሣ ዓሣው ትዝ አላቸው። ከዓሣው የዓሣ ዋጋ ተወለደ። ከዋጋው ኑሮ ውድነት፣ ከኑሮው ጡረታ፣ ከጡረታው አንድ የድሮ ቂመኛ አለቃ፣ ከአለቃው ደግሞ በቅሎ።

በቅሎዋ የአያታቸው ናት። ዳማ ናት። አያትየው ከሐይቅ ተነሥተው ወደ ወልድያ ሲሄዱ ይህች በቅሎ መርሳ ላይ ቀጥ አለች። ለምን? አያትየው ወረዱ። ኮቴዋን አዩ። ደህና ነው። ሳር አበሏት። በላች። ግን አትሄድም። መንገደኛ ተሰበሰበ። አንዱ «ጅብ ሸቷት ነው» አለ። ሌላው «በጆሮዋ ንገሯት» አለ። ነገሯት። አዳራሹ ውስጥ ሰማንያ ሰው እንሆናለን፤ ሰማንያችንም ከአያትየው ጋር ሆነን ዘጠኝ ደቂቃ በቅሎ ስንገፋ ነበር። አቅራቢዋ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ስትጽፍ አየሁ። በኋላ ሳይ «በቅሎ» ብላ አስምራበታለች።

አገሩን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ከሐይቅ ወደ መርሳ በዋናው መንገድ የሚሄድ ሰው ውጫሌን ያገኛታል። ውጫሌ! የመጣንበት ጉዳይ! እኔ በወንበሬ ጫፍ ላይ ሆኜ «አሁን፣ አሁን» ስል በቅሎዋ ሳትቆም አለፈቻት። ለመቆም መርሳን መርጣ።

መድረክ መሪው ቁራጭ ወረቀት ላከላቸው። አነበቡት። «ቀጥሉ ተብያለሁ፣ አመሰግናለሁ» አሉ።

ይቅርታ፣ በቅሎዋ ላይ ትንሽ ቆየሁ። እኛም ቆይተናል።

እንግዲህ ወሎ ማለት የዋድላ ቅኔ አገር ነው። ጉባኤ ቃና የምትባለው ትንሿ ቅኔ ሁለት ቤት ናት። ተማሪው ሌሊት ሲያብሰለስላት አድሮ ጠዋት መምህሩ ፊት ይቆማል፣ ሰሙንም ወርቁንም በሁለት ቤት አስገብቶ ዝም ይላል። መምህሩ ያርመዋል። ተማሪው እርማቱን ይዞ ይሄዳል። መወድስ እንኳ፣ ያ ትልቁ፣ ስምንት ቤት ነው። ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይም ዱዓ የሚያደርግ ሰው ተራውን ያደርጋል፣ ሌላው አሚን ይላል፣ ዱዓው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ቡናው እንኳ አቦል ቶና በረካ ብሎ ያልቃል። ይኸ ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት መሆኑን የገባኝ ቅዳሜ ነው። የኛ ጋሼ አራተኛም አምስተኛም አላቸው፤ ሲያቀጥኑትም አይሰለቹ።

ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ «ወደ ዋናው ነጥቤ ስመጣ» አሉ። አዳራሹ ነቃ።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። «ጥናቱ ስለ አንቀጽ 17 አንድም ቃል አለማንሣቱ በጣም አሳዝኖኛል።»

ልጅቷ አሥራ ሁለቱን ገጽ የጻፈችው ስለ እሱ ነው። ውሉ ሃያ አንቀጽ አለው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም አሥራ ሰባተኛው ላይ የአማርኛው ቅጂ «ይቻላቸዋል» ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን በኩል ለመላላክ ከፈለጉ ይችላሉ ማለት ነው። ሮማ ግን የጣሊያንኛውን ቅጂ ይዛ ግዴታ አደረገችው፣ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላም ለአውሮፓ አስታወቀች። በአንዲት ግስ የተነሣ ጠብ አድዋ ደረሰ። ልጅቷ ያችን ግስ ይዛ ነው የመጣችው። እኛ በቅሎ ይዘን ጠበቅናት።

ይህንን ሁሉ ባመሰግንላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ማይኩን ከመመለሳቸው በፊት ዘወር ብለው «ለመሆኑ ልጄ፣ ይኼን የጻፈልሽ ማነው? ማንስ ነው የላከሽ?» አሏት። አዳራሹም ሳቀ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀ። ምን ማለት ነው «ማን ላከሽ»? ሁለት ዓመት አቧራ ስትበላ፣ የደበዘዘ ፊደል ላይ ዓይኗን ስታፈዝ የኖረችው ራሷ ናት። ተሳስታ ከሆነ ገጹን ጥራና ንገራት። መልስ ካላት ትመልሳለች፣ ከሌላት ትማራለች። የዘር ሐረግና የላኪ ስም መፈለግ ክርክር አይደለም፣ ድንጋይ ውርወራ ነው። ነጩ ፀጉር ይህን ለማለት ፈቃድ አይሆንም። የሳቅነው ደግሞ እኛ ነን። እኔም ጥርሴ ሳይታይ አልቀረም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሺ፣ ወደ ምስጋናው።

ከጋሼ በኋላ የተነሡትም አላሳፈሩንም። አንዱ «እሳቸው ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ ለማጠናከር ያህል ነው» ብሎ ሁሉንም አለው። አንዱ ገጽ ሦስት ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ መጉደሏን ደርሶበት አራት ደቂቃ አለቀሰላት። ቢያንስ ይኼኛው ገጽ ሦስት ደርሷል፤ አላማውም። ሌላው ማይኩን በግራ፣ ስልኩን በቀኝ ይዞ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ «ሃሎ» አለ።

ምሳ ደረሰ። መድረክ መሪው «በጣም ደማቅ ውይይት ነበር» ብሎ ዘጋ። አቅራቢዋ የምትመልሰው ጥያቄ አልነበረም፤ ማንም አልጠየቃትማ።

አንድ ሰው ግን ሊጠይቃት ነበር። ከኔ ጎን የተቀመጠች ተማሪ ከመጀመሪያው እጇን አንሥታ ነበር። ሲደክማት ቀኙን በግራ ቀየረች። ከዚያ በአንድ እጇ ሌላውን ደገፈችው። መጨረሻ ላይ አወረደችው።

ሰው ወደ ሽሮው ሲሻማ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተገናኙ። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ።

«እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለች ተማሪዋ።

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን በመሃል ሆኖ ያስተረጎመው ሰው፣ ‹ይቻላቸዋል› የሚለውን ለጣሊያኖቹ ምን ብሎ ነገራቸው?»

አቅራቢዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ጠዋት ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ተማሪዋን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ «ስሚኝማ፣ እኔንም እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው» ብላ ወረቀቶቿን ማውጣት ጀመረች። እኔም ሽሮውን ትቼ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ይኼኔ ከላይ፣ ከአዳራሹ በር፣ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ስለ አስተርጓሚው ነው? እሱን በተመለከተ እንኳ አጭር...»

ወረቀቱን ሦስታችንም ተሻምተን ሰበሰብንና ደረጃውን በሩጫ ወረድነው።