«ልጁ ገብቶ ነበር እንዴ?»

የበረዶ ሆኪ አይተን ስንጨርስ አንዱ ጓደኛችን፣ እኔ ኮከብ ይሆናል ያልኩትን ወጣት አጥቂ አንስቶ፣ «ልጁ ዛሬ ገብቶ ነበር እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት! ከዛ ስልኩን አወጣና ጉሮሮውን ጠርጎ ያነብልኝ ጀመር። «ዜሮ ጎል። ዜሮ አሲስት። ዘጠኝ ደቂቃ። ኮከብ ይሆናል ያልከው ይሄ ነው?» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ውስጤ ግን እርር ድብን ብሏል።

«ኳሱን ሳይሆን እሱን እያየህ ነበር?» አልኩት።

«ምን ብዬ ነው እሱን የማየው? ቁጥሩ ይኸው!»

በቃ ተዘጋ። ከቁጥር ጋር ማን ይከራከራል? ደግሞ እኮ ሆኪ ላይ ኳስ እንኳን የለም፣ ፓክ የሚሏት ጠፍጣፋ ጎማ ናት። እኔ ራሴ በንዴት ኳስ አልኩ።

እሺ፣ ቁጥር ከተባለ ቁጥር እናውራ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ አንድ ቡድን 12 አጥቂ ያሰልፋል፣ ሦስት ሦስት ሆነው በ4 መስመር። የመጀመሪያው መስመር 20 ደቂቃ ገደማ ይጫወታል። ተጋጣሚ ሰው ሲቀጣበት የሚገኘው የሰው ብልጫ፣ ፓወር ፕሌይም የእነሱ ርስት ነው። ልጁ አራተኛው መስመር ላይ ነው ያለው። አንዴ ሲገባ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ይወጣል። የሚገባውም ብዙ ጊዜ ጨዋታው በራሳቸው ግብ አጠገብ ሲጀመር ነው። ሥራው ጎል ማግባት ሳይሆን እንዳይገባ ማድረግ ነው! አጠገቡ ያለው አንጋፋ ደግሞ ፓክ ሲደርሰው እሳት እንደነካው ሰው ወርውሮ ይገላገለዋል። አሲስት ከየት ይምጣ? ከሰማይ?

ሁለተኛው ፔሬድ (ከሦስቱ የጨዋታው ክፍሎች መሃለኛው) ላይ የሆነውን ላንሳው። እናንተ ምግብ ስታዙ ነበር። ፓኩ ጥግ ገባ። ልጁ ገና ሳይደርስበት በትከሻው አሻግሮ አየ። አንዴ፣ ከዛ ደግሞ አንዴ። ከኋላው የሚመጣው ተከላካይ እጥፉን ያክላል። ልጁ ከሥር በዱላው የሰውየውን ዱላ ብድግ አደረገና ፓኩን በጫማው ወደ ግድግዳው ገፋው። ከዛ ሰውየውን በጀርባው ዘግቶ ግብ ፊት ለቆመው አቀበለ። ያ አንጋፋ ወደ ሰማይ ለጋው። ልጁም ሮጦ ቤንች ገባ። ይሄ ሁሉ የስታትስቲክሱ ገጽ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ? ምንም!

ወጣት አጥቂ የሚመዘነው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ፓክ ሳይደርሰው ቀና ብሎ ያያል ወይ? ፓክ ሲነጠቅ ተመልሶ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል? ጎል ዕድል ይፈልጋል። በሊጉ ግብ ላይ ካረፈ 10 ምት አንድ ቢገባ ነው። ይኸው ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ሌላውን ልጅ በወዳጅነት ጨዋታ ጎል አይቶ «አዲሱ ንጉሥ» ሲለው አልነበር? ንጉሡ አሁን የት ነው? ማንም አይጠይቀውም። የእኔ ግን በየሳምንቱ ይመዘናል።

ብራድ ማርሻንድ ሲጀምር 20 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ጎል አላገባም። አንድ አሲስት ብቻ። በቀጣዩ ዓመትም አራተኛ መስመር ላይ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቡድኑ ቦስተን የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ በፕሌይኦፉ፣ ማለትም በመጨረሻው የጥሎ ማለፍ ውድድር ብቻ 11 ጎል ነበረው። ማርቲን ሴንት ልዊን የካልጋሪ ቡድን በ2000 ለቀቀው፤ በ2004 የሊጉ ኮከብ ተባለ። እናንተ ያኔ ብትኖሩ ኖሮ ሁለቱንም በሳቅ ትሸኟቸው ነበር!

ደግሞስ ኮከብ ባይሆንስ? ደጋፊ ሚና ውርደት ነው ያለው ማነው? የታምፓ ቡድን በ2020 ደጋፊ አጥቂዎቹን ኮልማንንና ጉድሮን ለማምጣት በሁለቱም ዝውውር የአንደኛ ዙር ምርጫ፣ ማለትም አዳዲስ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉን ከፍሏል። ከቡድኑ አጥቂ ከያኒ ጉርድ ጋር ሦስተኛ መስመር ሠሩና ዋንጫው ሁለት ዓመት ተከታትሎ መጣ። ቦብ ጌይኒ ለተከላካይ አጥቂ የሚሰጠውን የሴልኪ ሽልማት ገና ሲጀመር 4 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። የጎል ንጉሥ ሆኖ አያውቅም።

እኔም እኮ ነገ 40 ጎል ያገባል አላልኩም። ምናልባት ዕድሜ ልኩን ሦስተኛ መስመር ላይ ይቀራል። እጁ ገና ነው፣ ምቱም ለስላሳ ነው፣ አይቻለሁ። ግን ከአንጋፋው ጋር አሥር ወር ቢያጫውቱት ምን ሊታወቅ ነው? ለጥቂት ጨዋታ ፓክ መያዝ ከሚችል ሰው ጋር አሰልፉትና እንየዋ!

አሰልጣኙማ... እሱን ባላነሳው ይሻለኛል። አንጋፋው ሁለት ጊዜ ፓክ አስረክቦ ትከሻው ይዳበሳል። ልጁ አንዴ ሲሳሳት እስከ ማብቂያው ቤንች ላይ ይሰፋል። ከዛ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ይሉናል። ማን ወሰደበት?

አሁን ደግሞ ያ ጓደኛችን ግሩፑ ላይ የልጁን ፎቶ «ጠፍቷል፣ ያየ ይጠቁም» ብሎ ለጥፎታል። ሃያ ምናምን ሰው ሳቀ። ቀልዱ ያስቃል፣ አልዋሽም። ግን ከዛሬ ጀምሮ የሁለተኛውን ፔሬድ ቪዲዮ ሳያይ ቁጥር የሚልክልኝ ሰው ብሎክ ነው። አንተን ነው የምልህ። ስልክህን ቻርጅ ያደረግክበትንም ገመዴን መልስ።