ዲዛየሯ ከመምጣቷ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው እናት ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ታስባለች፤ አባት ስለ ዲዛየር መኪና። መንጃ ፈቃድ ከ18 በፊት እንደማይሰጥ ቢያውቅም መኪናዋ የምትቆምበትን ቦታ ከብሎኩ ሥር በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል። ሜሪላንድ ያለችው አክስት ደግሞ በኢሞ ደውላ "ለልጁ ክሬዲት ጀመራችሁለት?" ትላለች። እናት ትቆጣለች፦ "ልጄ ምን አጥፍቶ ነው ዕዳ የምጀምርለት?"

አክስት ወዳ አይደለም። እሷ ባለችበት አገር ተበድሮ የማያውቅ ሰው ጨዋ ሳይሆን ማንነቱ ያልታወቀ ነው። የተበዳሪን ታማኝነት የሚለካው ፋይኮ የሚሉት ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ 35 በመቶው በሰዓቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ካለብህ ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው ከታሪክህ ርዝመት ይመጣል። ርዝመት ደግሞ በጥረት አይገኝም፤ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ገና በ16 በወላጁ ክሬዲት ካርድ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ ያስመዘግባል። ባንኩ የልጁን ስም ለብድር መዝጋቢዎች የሚያስተላልፍ ከሆነ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶም ታሪክ ይሠራል። ችግሩ ታሪኩ የወላጅ መሆኑ ነው። ጣሪያው 1,000 ዶላር የሆነ ካርድ ላይ ዕዳው ከ300 በታች ማደር ሲገባው ወላጅ ለገና 900 ካወጣበት፣ አንዲት ካልሲ ያልገዛው ልጅ አባካኝ ተብሎ ይመዘገባል። 30 ቀን ያለፈበት ክፍያ ሰባት ዓመት ከመዝገብ አይወርድም። በ18 ዓመቱ 200 ዶላር አስይዞ የራሱን ካርድ ሊያወጣ ይችላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ 21 እስኪሞላው የራሱን ገቢ ወይም ተያዥ ይጠይቀዋል።

ይህ ሁሉ ነጥብ ባሕር አይሻገርም። 800 ያላት አክስት ለክረምት መጥታ ከብሎኩ ሱቅ ሽንኩርት በዱቤ ብትጠይቅ ባለሱቁ "በማን ልጻፈው?" ነው የሚላት።

ባለሱቁ እውነቱን ነው። የቱሉ ዲምቱ ልጅ ስሙ የትም የለም። ዱቤ ደብተሩ ላይ "402" ተብሎ በቤት ቁጥር ይጻፋል። ሲሙ በአባት ስም ነው፤ ቴሌብሩም እንዲሁ። ዕቁቡን እናት ትጥልለታለች። ልጁ የጎረቤት ሕፃናት አስጠንቶ ያገኘውን በዚያ ስልክ ሲያስገባ ሲያስወጣ ቢከርም የሚመሰገነው አባት ነው። (አባትም ምስጋናውን አይመልስም።)

መጀመሪያ ፋይዳ መታወቂያ ይውጣለት፤ ቀጥሎ፣ ከተፈቀደለት፣ ሲም በራሱ ስም፤ ቀጥሎ ወላጅ ፈርሞለት የባንክ ሒሳብ። በየወሩ 500 ብር ማስገባት፣ ፋሲካ ሲደርስ 6,000 አስገብቶ በማግስቱ ከማውጣት ይሻላል፤ አበዳሪ የሒሳብ መግለጫ ሲጠይቅ የሚያየው የገንዘቡን አመጣጥ ነው።

ዕቁብም ደህና ትምህርት ቤት ነው፣ ሒሳቡን ካስረዱት። አሥር ሰው በወር 500 ብር ሲጥል የመጀመሪያው ዕጣ 5,000 ነው፤ ልጁ የጣለው 500 ብቻ ስለሆነ 4,500ው ወለድ የሌለው ብድር ነው። ዳኛው "ዋስ አምጣ" የሚለው ለዚህ ነው። የመጨረሻው ዕጣ ግን የራሱ ቁጠባ ነው፤ ዋስ ምን ያደርጋል? ለጀማሪ መጨረሻው ይሻላል። የመጀመሪያውን የበላ ጎረምሳ አራተኛው ወር ላይ ሆዱን ያመዋል።

18 ሲሞላው ቴሌብር መላ ከሚባለው የስልክ ብድር ትንሽ ተበድሮ ቀኑ ሳይደርስ ይመልስ፤ ብሩን ባያስፈልገውም። ስሙን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንዱን ብድር በሌላ ብድር መክፈልና የኳስ ውርርድ። ባንክ ለመኪና ከማበደሩ በፊት ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ያለውን የብድር መረጃ ያያል፤ ከዚያ የደመወዝ ደብዳቤ ወይም ንግድ ፈቃድ፣ የራስ መዋጮ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ ዕዳው እስኪያልቅም ሊብሬው ይታገዳል።

ደመወዙ ካነሰ ተያዥ ይፈለጋል። ያኔ አባት ደረቱን ነፍቶ ይቀርባል። የባንኳ ልጅ ኮምፒውተሩን አይታ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ላይ ያልተመለሰ ብድር አለ፤ በስልክዎ የተወሰደ" ትላለች። አባት በሚካኤል ይምላል። ቀኑን ትነግረዋለች፦ ካቻምና፣ ቅዳሜ፣ አርሰናል ሊጫወት ሲል። አባት የማንቸስተር ደጋፊ ነው። ሁለቱም ዞረው ልጁን ያዩታል።