ዛይዴኮ የካጁን ሙዚቃ ቅጂ አይደለም

«ዛይዴኮ ማለት ጥቁሮች የሚጫወቱት የካጁን ሙዚቃ ነው» ሲባል ትሰማለህ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ሁለቱም በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ደቡብ ምዕራብ የተወለዱ የጭፈራ ሙዚቃዎች ናቸው፤ ካጁን የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነጮች፣ ዛይዴኮ ደግሞ የጥቁር ክሪዮሎች ነው። አንዱ የሌላው ቅጂ ግን አይደለም።

አሜዴ አርዷንን እንይ። ክሪዮል፣ ማለትም ፈረንሳይኛ የሚናገር የሉዊዚያና ጥቁር ነበር፤ አኮርዲዮን እየተጫወተ ይዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ከነጩ የቫዮሊን ተጫዋች ዴኒስ ማክጊ ጋር ሸክላ አስቀረጸ። እስከ 1934 ድረስ 34 ዘፈኖች ተቀርጸውለታል። የኋላ ካጁን ሙዚቀኞች ከእነዚህ ሸክላዎች ብዙ ተምረዋል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ያህል ባለውለታ የሆነ ሰው ስሙ እምብዛም አይነሳም።

ዛይዴኮ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 መቅረጽ የጀመረው ክሊፍተን ሼኒየር የክሪዮሎቹን የቤት ጭፈራ ሙዚቃ ከብሉዝና ከአር ኤንድ ቢ ጋር አዋሃደው። እሱ የሚታወቀው ፒያኖ መሰል ቁልፎች ባሉት ትልቅ አኮርዲዮን ነው፤ ካጁኖቹ በብዛት የሚይዙት ትንሹን ባለ አዝራሩን ነው። ወንድሙ ክሊቭላንድ ደግሞ ደረቱ ላይ እንደ ሰደርያ የለበሰውን ሸንተረራማ ቆርቆሮ በጠርሙስ መክፈቻ እየፋቀ ምቱን ያወጣ ነበር። ይህን ድምፅ በተለመደው የካጁን ባንድ ውስጥ አታገኘውም።