ዙም ማድረግና ካሜራውን ማስጠጋት አንድ አይደሉም

ሰላም ጓደኞች። ኮመንት ላይ «ዙም እያለ ካሜራውን ማንቀሳቀስ ለምን ያስፈልጋል? ውጤቱ ያው ነው» የሚል ሐሳብ ብዙ ላይክ እያገኘ ነው። በቅንነት እንደተጻፈ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ዙም ምስሉን ያጎላል እንጂ ካሜራው ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ከፊት ያለው ሰውና ከኋላው ያለው ግድግዳ በእኩል መጠን ነው የሚያድጉት። ካሜራው ሲጠጋ ግን ሰውየው በጣም ይተልቃል፣ ግድግዳው ያን ያህል አይለወጥም፣ ተመልካቹም ራሱ ተራምዶ የቀረበ ያህል ይሰማዋል። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው «ቨርቲጎ» በተባለው ፊልሙ የከፍታ ፍርሃትን ያሳየን ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ ተጠቅሞ ነው። አንድ ቢሆኑማ ተጣፍተው ምንም ለውጥ ባላየን ነበር!

ጉዳቱ ምን መሰላችሁ? ጀማሪ ዳይሬክተር ወደ ገጸ ባሕርዩ ስሜት ሊያስገባን ፈልጎ ዙም ብቻ ሲያደርግ፣ ከሩቅ ሆነን የምንሰልል ሊያስመስለን ይችላል።

በስልካችሁ ሞክሩት። ኩባያ አስቀምጡ፣ ከኋላው ራቅ አድርጋችሁ ወንበር። አንዴ ከሩቅ በዙም፣ አንዴ ያለ ዙም ተጠግታችሁ አንሱ፤ ኩባያው በሁለቱም ፎቶ እኩል ይሁን። ከዚያ ወንበሩን አስተያዩት።