የባለሀብቱ 24 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ሰሞኑን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ የክብር እንግዳ የነበሩ ባለሀብት ለተመራቂዎች ያደረጉት ንግግር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ላልሰማው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ድህነት ምርጫ ነው፤ ስኬት የአስተሳሰብ ውጤት ነው፤ አበበ ቢቂላ ጫማ ሳይኖረው ዓለምን አሸንፏል፤ ምክንያት መደርደር የሰነፍ ልማድ ነው። ከዚያ አዳራሹን ያናወጠችው ዓረፍተ ነገር መጣች፦ «እኔም እናንተም በቀን ያለን 24 ሰዓት ነው፤ ልዩነታችን አጠቃቀሙ ላይ ነው።»

ባለሀብቱ ስለ ራሳቸው መልካም ነገር ቢያምኑ አይገርመኝም። ሀብታም ሀብቱን በብልኅነቱ እንዳገኘው ሲያወራ የኖረ ነው፤ ወደፊትም ያወራል። ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው። ካሜራው ወደ ወላጆች ዞር ሲል ጋቢያቸውን የደረቡ አንድ አባት ከሌላው ጋር አብረው ያጨበጭባሉ። ልጃቸውን ለዚያ ጋዋን ለማብቃት ምን እንደሸጡና ከማን እንደተበደሩ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ። ድሃ የሆኑት መርጠው እንደሆነ በማይክሮፎን ተነገራቸው፤ እሳቸውም በጨዋነት አጨበጨቡ።

እስቲ ይህን 24 ሰዓት እንቁጠረው።

የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቀን እንዴት እንደሚውል ለማወቅ ጎረቤት መሆን አያስፈልግም። ሲነሣ ቁርሱ ቀርቧል፤ ያቀረበችው ልጅ ከእሱ ሁለት ሰዓት ቀድማ ተነሥታለች። ሸሚዙ ታጥቦና ተተኩሶ ተሰቅሏል። ግቢውን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ በሩን ይከፍትለታል። መኪናውን ሾፌር ይነዳዋል፤ እሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስልክ ይደውላል፣ ውል ይዋዋላል፣ ከፈለገም ያንቀላፋል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሌላ ሰው አለ። ከቢሮ ቢሮ ፊርማ የሚያሳድድለት ጉዳይ አስፈጻሚ አለው። ባንክ ቤት ገብቶ ወረፋ አይዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ሻይ ያዝለታል። የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ሰዓት ደምሩና ንገሩኝ። ይህ ሰው በቀን ሰባና ሰማንያ ሰዓት እየኖረ 24 ብቻ እንዳለው ያስመዘግባል። በታክስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ ወንጀል ይባል ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ቀን። ከከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ በሉት፣ ሁለት ልጆች ያሏት እናት አለች። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የሚደርሰውም ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው መተንፈስ ሲጀምር ተነሥታ ጀሪካኖቿን ትደረድራለች። ጋደም ብላ በ10 ሰዓት ተኩል እንደገና ትነሣለች፤ መብራት ሳይጠፋ መጋገር አለባትና። 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን አልብሳ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥራ፣ አንዱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ሰልፉ ይጠመዘዛል። ሁለት ታክሲ ቀይራ ሥራ ትገባለች፤ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ሠርታ ማታ መገናኛ ላይ ያንኑ ሰልፍ ትይዛለች። ቤት ስትደርስ ራት፣ እጥበት፣ የልጆች ደብተር ይጠብቃታል። ይህች ሴት በ24 ሰዓቷ ውስጥ ለራሷ የቀራትን ደቂቃ ማን ይነግረኛል? የትኛውን ሰዓት በተሻለ እንድትጠቀምበት ነው የምትመከረው? የሰልፉን? ሌሊት 8 ሰዓትን? አጠቃቀም በሚባለው ነገርማ እሷ ለባለሀብቱ ሥልጠና መስጠት ትችላለች።

ሰዓት እንደ ገንዘብ ይሸጣል፣ ይገዛል። የድሃ ሰዓት ርካሽ ነው፤ የሀብታሙ ቀን የረዘመውም በርካሽ ዋጋ የተገዛ የሌላ ሰው ቀን ስለተቀጠለበት ነው። ይህን ቅጥያ የራስ ጥረት ብሎ መጥራት እንግዲህ ስህተት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ስም አለው? እኔ ሌላ ስም አለው ባይ ነኝ። ሰው የሌላውን ድካም በራሱ ስም ሲያስመዘግብ ይሉኝታ ቢስ ይባላል፤ ያንን ድካም የሰጠውን ሰው ሰነፍ ብሎ ሲሰድብ ደግሞ ምን እንደሚባል አንባቢ ይጨምርበት። ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት የምታገለግለውን ልጃችንን አስቡ። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የምትተኛበትንም ሰዓት የምትወስነው አሠሪዋ ናት። እሷም 24 ሰዓት አላት?

ወደ አበበ ልምጣ። አነቃቂ ተናጋሪ ሁሉ አበበን ሳይጠራ አይወርድም፤ ባዶ እግሩን ያነሣል፣ ሌላውን ታሪክ ይጥለዋል። አበበ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና ላይ የሮጠው በአስተሳሰብ ብቻ ተሞልቶ ከሜዳ ተነሥቶ አልነበረም። የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ቀለብና ደመወዝ ነበረው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠልጥኖታል። ጫማውንም የተወው የቀረበለት ስላልተመቸው ነው። በባዶ እግር ልምምድ ሠርቶ ስለነበር በዚያው ሮጠ። በቀላል አማርኛ፣ አንድ ተቋም የአበበን ሰዓት ከሌላ ሥራ ነጻ አድርጎ ለሩጫ ሰጠው። ችሎታውና ጽናቱ የራሱ ናቸው፤ ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ያው ችሎታና ያው ጽናት ኖሮት ከብት ሲጠብቅ ዕድሜውን የጨረሰ ስንት ልጅ እንዳለ እናውቃለን? ታሪኩ ደግሞ እዚያ አላበቃም። በቶኪዮ ዳግመኛ ያሸነፈው ጀግና በ1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ ሽባ ሆነ። በዚያች ሌሊት አስተሳሰቡ ምን ጎደለው? ስኬት ሁሉ የአስተሳሰብ ፍሬ ከሆነ ጉዳትም የአስተሳሰብ ጉድለት ነው ማለት ነው፤ ይህን በአበበ ላይ ለመናገር የሚደፍር ተናጋሪ ካለ መድረኩን እናዘጋጅለት።

ፈተናውንም ልጨምርበት፤ የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ውጤት አንባቢ አልረሳውም። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ነው እንበል። አንድ ክፍል ሲወድቅ መምህሩን እንጠይቅ። በ1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ እንኳ የሚያልፍ ሲጠፋ ግን እነዚያ ሁሉ ልጆች በአንድ ሌሊት ተማክረው ውድቀትን መረጡ ማለት ነው? ያለፉትስ ቢሆኑ? ከፍተኛ ነጥብ አምጥተው ሕክምና የገቡት፣ ከማንም በላይ ያጠኑት፣ ሌሊት ተረኛ ሆነው ያደሩት የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. በልቶ ለማደር የሚበቃ ደመወዝ ይከፈለን ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። የሰዓት አጠቃቀም ሥልጠና ሳይወስዱ ቀርተው ይሆን?

ቆጥቡ ይሉናል ደግሞ። ቆጣቢው መምህር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር መወሰኑን ሰማ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። መምህሩ ግን ያደረገው አንድም ጥፋት የለም፤ የደብተሩ ቁጥርም አልተነካም፤ ነገር ግን ድሃ ሆነ።

«ታዲያ ወጣቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነው የምትለው?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ የሚመጣው እሱ ነው። አላልኩም። ሥራ ክቡር ነው፣ ስንፍናም አለ፣ ይህን ለመካድ ጊዜ አላጠፋም። የሚገርመው ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲውል አይተውት የማያውቁ መሆናቸው ነው።

የስኬት አሠልጣኞቻችን አሁን አሁን ደግሞ ስቶይኮች የሚባሉትን የጥንት የግሪክና የሮም ፈላስፎች ማጣቀስ ለምደዋል። ኤፒክቴተስ ባሪያ ነበር፣ አካሉም ሰንካላ ነበር፣ ግን በአእምሮው ነጻ ነበር ይሉናል። መልካም። ይኸው ኤፒክቴተስ ግን በእጃችን ያሉትንና በእጃችን የሌሉትን ነገሮች ሲለይ ሀብትን፣ ዝናንና ሹመትን ያስቀመጣቸው በእጃችን ከሌሉት ጋር ነው። በእጃችን ያለው ፍርዳችንና ፍላጎታችን ነው አለ እንጂ ሚሊዮን ብር ነው አላለም። የጌታው ቤት ሀብት የእሱ ጥረት ማነስ ማስረጃ እንደሆነ ቢነግሩት ኖሮ ሳቁን የሚችለው አይመስለኝም። ሰውየውን ገልብጠው ካቆሙት በኋላ በስሙ የመግቢያ ትኬት ይሸጡበታል።

የዚህ ስብከት ትልቁ ጉዳት ድሃውን ማሳፈሩ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዝም እል ነበር። ሌላ ሥራም ይሠራል፦ «እንዴት አገኘኸው?» የሚለውን ጥያቄ ነውር ያደርገዋል። ሀብት የአስተሳሰብ ማስረጃ ከሆነ ሀብታሙ አስቀድሞ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው፤ ምን ይጠየቃል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን አሳፋሪ ነው፤ ቢያንስ ግን መብላቱን መብላት ብሎ ይጠራዋል። አዲሱ ስብከት ያንኑ ሌብነት «ዕድልን መጠቀም» ይለዋል። መሬት በዘመድ የወሰደው፣ ጨረታ በጉቦ ያሸነፈው፣ ሠራተኛው ሳይከፈለው ሦስት ወር ያሳለፈው ሁሉ በዚህ መዝገብ ላይ ስኬታማ ተብሎ ይሰፍራል። በዚያው ከተማ በደመወዙ ልክ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሐቀኛ የመዝገብ ቤት ሹም ደግሞ ያልተሳካለት ተብሎ ይመዘገባል። ልጆቻችን ይህን መዝገብ እያነበቡ ነው የሚያድጉት።

አያቶቻችን እንዲህ አያስቡም ነበር ብዬ ያለፈውን ዘመን ላቆንጅ አልፈልግም፤ ገባርና ባላባት የነበረበት ዘመን ነው። የሰሙት ታሪክ ግን ከዛሬው ይሻል ነበር። ሀብታሙ ነዌ በደጁ የተኛውን ድሃ አልዓዛርን ጠዋት ምን ያህል ማልደህ ትነሣለህ ብሎ አልመረመረውም፤ የተፈረደበትም ደጁን አይቶ በማለፉ ነው። ዘካም የሀብታሙ ቸርነት ተብሎ አልተደነገገም፤ በሀብቱ ውስጥ ያለ የድሃው ድርሻ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች በሀብታም ንብረት ውስጥ የሌላ ሰው ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የምንመላለስ ሕዝብ ሆነን አዳራሽ ስንገባ ይህን ከጫማችን ጋር ደጅ ላይ የምንተወው ለምንድን ነው?

ሰዓታችን እኩል ነው የሚሉ ሰዎች ከልባቸው ከሆነ መጀመሪያው ቦታ ሩቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። የቤት ሠራተኛዋን ግን ከዚህ ሽፋን ውጭ አድርጓታል፤ የእሷ የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ነው የተተወው። ስለዚህ ቁርሱን ያቀረበችው ልጅ ማለዳ የተነሣችበትን ሰዓት በአዋጅ የሚቆጥርላት የለም፤ ማታ ሳህን አጥባ የምትተኛበትንም እንዲሁ። የንግድ ማኅበረሰባችን ስለ ታክስ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ አቤቱታ ይዞ በየሚኒስቴሩ ደጅ ሲጠና እናያለን። ለቤት ሠራተኛ 8 ሰዓት ይወሰን ብሎ አንድ ገጽ ማመልከቻ ያስገባ ባለሀብት ካለ ስሙን ይንገሩን፤ በሚቀጥለው ጽሑፌ አመሰግነዋለሁ።