ራፐር ሲያድግ ለምን አይዋጥልንም?

አሜሪካዊው ራፐር ጄ ኮል በኤፕሪል 2024 ያደረገው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሌላው ራፐር ኬንድሪክ ላማር በአንድ ዘፈን ላይ እሱንና ራፐሩን ድሬክን ነክቷቸው ነበር። ኮል ዝም አላለም። የኬንድሪክን አልበሞች የሚያጣጥል መልስ ለቀቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በራሱ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ቆመና በሺዎች ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ሰላም እንደነሳው፣ ኬንድሪክንም እንደሚያከብረው ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ዘፈኑን ከስትሪሚንግ አወረደው።

የተከተለው ውርጅብኝ ነበር። ፈሪ ተባለ። አበቃለት ተባለ። እኔ ግን በዚያ ዓመት በራፕ ዓለም ካየሁት ሁሉ ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው እላለሁ። መሳደብማ ምን ይከብዳል? ቢቱ (የሙዚቃው ምት) አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ “በለው!” የሚል አይጠፋም። ከባዱ “በለው!” የሚል ሕዝብ ፊት ቆሞ “ይሄ እኔ አይደለሁም” ማለት ነው።

ሌላ ዘፋኝ ሌላ ሰው የጻፈለትን ግጥም ቢዘፍን ማንም አይጠይቀውም። ራፐር ግን “እኔ” ብሎ ነው የሚጀምረው። ዲጄ ኩል ሄርክ ኦገስት 11 ቀን 1973 እህቱ ሲንዲ ባዘጋጀችው የኒው ዮርክ ብሮንክስ ድግስ ላይ ሸክላ ሲያጫውት ተጀመረ የሚባለው ይህ የራፕ ባህል፣ ሲያድግ አንድ ትልቅ ሕግ አበጀ። ያልኖርከውን አታውራ። የሌላ ሰው ስንኝ አትስረቅ። ከየት እንደመጣህ አትርሳ። በጣም የምወደው ሕግ ነው። ግን ወጥመድም አለው። በ20 ዓመቱ ስለ ጠመንጃና ስለ ሴት ያወራ ልጅ፣ በ40 ዓመቱ ሌላ ነገር ሲያወራ “ተቀየረ” ይባላል። መቀየሩ እንደ ክህደት ይቆጠርበታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ራፐር ደግሞ ወለምታውን ስቱዲዮ ገብቶ ቀርጾ ያስቀመጠ ሰው ነው።

እና እንዴት ነው የሚታረመው? በእኔ እምነት ጥፋቱ በተሠራበት ቦታ፣ በስንኝ። ቢስቲ ቦይስ የተባሉት የራፕ ቡድን በ1986 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ በሴቶች ሲቀልዱ ሚሊዮኖች አብረዋቸው ሳቁ። በ1994 ከመካከላቸው አዳም ያውክ በአንድ ዘፈን መሀል ሴቶችን መናቅ ይብቃ አለ፤ ለእናቶች፣ ለእህቶች፣ ለሚስቶች ፍቅሩንና አክብሮቱን ገለጸ። መግለጫ አላወጣም። ጋዜጠኛ አልጠራም። ስድቡን ያወጣው አፍ ራሱ አረመው። ኤሚኔምም እንደዚሁ ነው። በ2002 እናቱን በዘፈን አዋረዳት። በ2013 በሌላ ዘፈን ይቅርታ ጠየቃት፤ ያንን የድሮውን ዘፈን መድረክ ላይ እንደማይዘፍነው፣ በሬዲዮ ሲሰማውም እንደሚሸማቀቅ እዚያው ነገራት።

ጄይ ዚ ዘንድ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። በ2010 አንዱን ዝነኛ ዘፈኑን ግጥሙ ተጽፎ ሲያየው፣ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት ብሎ እንደተገረመ ተናግሮ ነበር። በ2017፣ በ47 ዓመቱ ደግሞ 4:44 የተሰኘውን አልበም አወጣ። በሚስቱ ላይ መማገጡን አመነ። ልጆቹ አድገው ሲሰሙ ምን እንደሚሰማው አወራ። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ላይ የዘመተው በራሱ የመድረክ ስም ላይ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የማይበገር ጀግና ሆኖ የኖረ ሰው፣ ያንን ጀግና በገዛ እጁ አፈረሰው። እውነተኛ እድገት የሚያስከፍለው ነገር አለ የምለው ለዚህ ነው። ምንም የማያስከፍል ኑዛዜ የአልበም ማስታወቂያ ነው።

ማደግ ደግሞ አንዴ ተደርሶበት የሚቀመጡበት ቦታ አይደለም። ኬንድሪክ በ2022 ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና፣ ስለ ታማኝነት ማጉደል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ቁስል የሚያወራ አልበም ሠራ። ሰምቼው ቁጭ ብዬ አስቤያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከድሬክ ጋር በገባው ፀብ ግን በሁለቱም በኩል የሴቶችና የልጆች ጉዳይ ጥይት ሆኖ ተተኮሰ። ከዚያ ፀብ የወጣው የኬንድሪክ ዘፈን በ2025 አምስት የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ዘፈኑ ኃይለኛ ነው፣ አልክድም። ግን ይቅርታ የጠየቀውን አሹፈንበት፣ የተዋጋውን ዘውድ ስንጭንለት፣ ለሚቀጥለው የ20 ዓመት ራፐር ምን እያስተማርነው ነው? ስለ ራፕ እሴት ሲወራ ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደ አርቲስቱ ብቻ መሆኑ ያናድደኛል። የሚሰማው፣ የሚያጋራው፣ የሚከፍለው እኛ ነን።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ወንዶቹ በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ደረሱበት ብለን የምናጨበጭብላቸውን ነገር ሴቶቹ ቀድመው ብለውታል። ኩዊን ላቲፋ በ1993 ስለ መንገድ ላይ ለከፋ፣ ስለ ስድብ፣ ስለ ቤት ውስጥ ድብደባ ፊት ለፊት ስትናገር ገና 23 ዓመቷ ነበር። ሎሪን ሂል በ1998 ያወጣችው አልበም በማግስቱ ዓመት የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ሲወስድ እሷም 23 ነበረች። ለነዚህ ሴቶች መከባበር ከብስለት በኋላ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምለው ራፕ ብዙዎችን ሳያድጉ ስለቀበራቸው ጭምር ነው። ቱፓክ በ1996 ሲገደል 25 ዓመቱ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የተገደለው ቢጊ 24። ቱፓክ ስለ እናቱ የዘፈነውን ፍቅርና ሴቶችን የሰደበባቸውን ስንኞች አንድ ሰው ነው የጻፋቸው። በ50 ዓመቱ የትኛው ያሸንፍ ነበር? ማወቅ አልቻልንም።

አሁን ግን 50 ዓመት የሞላቸውን ራፐሮች መስማት የምንችልበት ዘመን ላይ ነን። ናስ የመጀመሪያ ግራሚውን ያገኘው በ47 ዓመቱ፣ በ2021 ነው። በ2001 ክፉኛ ከተሰዳደበው ከጄይ ዚ ጋር በ2005 መድረክ ላይ ታርቆ አሁንም ይሠራል። አንድሬ 3000 ግን በ2023፣ በ48 ዓመቱ፣ ራፕ የሌለበት የዋሽንት አልበም አወጣ። በዚህ ዕድሜ ስለ ምን ራፕ ላድርግ፣ ስለ አንጀት ምርመራ? ስለ ዓይኔ መድከም? የሚል ነገር ተናግሯል። ዋሽንቱን አከብራለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። እንደ አንድሬ ቃል የሚታዘዝለት ሰው ስለ ሐኪም ቤት ወረፋ፣ ስለሚደክም ዓይን፣ ስለሚፈራው ውጤት ስንኝ ቢቋጥር፣ እኔ በወጣበት ሌሊት ነቅቼ እሰማዋለሁ።