9 ጊዜ ጠልቆ «አድቫንስድ»

እኔ ራሴ አድቫንስድ፣ ማለትም የላቀ ጠላቂ፣ የሚል የዳይቪንግ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ነው እንደ ቡሽ ወደ ላይ የተፈናጠርኩት። አሥረኛ ዳይቬ ነበር፣ ታንክ ይዤ ባሕር ውስጥ ስጠልቅ ማለቴ ነው። 8 ሜትር ገደማ ላይ ሆኜ አየር እየሞላህ ወይም እያስወጣህ ከምትንሳፈፍበት ጃኬት አየር ላስወጣ ብዬ የማስገቢያዋን ቁልፍ ተጫንኳት፣ ሁለቱ ቁልፎች እኮ እዛው አንድ ቱቦ ጫፍ ላይ ናቸው፣ መነሳት ስጀምር ደነገጥኩና ጭራሽ አጥብቄ ያዝኳት፣ ከዛ ፀሐይ አየሁ። ደግነቱ ትንፋሼን አልያዝኩም፣ ትንፋሽ ይዞ እንደዛ መውጣት ሳንባ ሊቀድ ይችላል። ካርዱን ካገኘሁ ሁለት ቀን አልሞላኝም።

ካርዱ እንዴት እንደሚገኝ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ብዙ ዳይቨር የሚይዘውን፣ ፓዲ የሚባለው የዳይቪንግ አሠልጣኝ ድርጅት የሚሰጠውን እንውሰድ። መጀመሪያ ኦፕን ዋተር የሚባል አለ፣ ባሕር ላይ 4 ዳይቭ ትሠራለህ፣ እስከ 18 ሜትር ትፈቀዳለህ። በማግስቱ ከፈለግክ አድቫንስድ ትገባለህ፣ ሂድና መጀመሪያ ይሄን ያህል ጠልቀህ ና የሚልህ የለም። እሱ ደግሞ 5 ዳይቭ ነው፣ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ በኮምፓስ መንገድ ማግኘት፣ የቀሩት ሦስቱ የራስህ ምርጫ፣ የሌሊት በለው የሰመጠ መርከብ በለው። የመጨረሻ የጽሑፍ ፈተና ምናምን የለውም። 4 እና 5፣ በቃ 9። ከዛ 30 ሜትር ድረስ ውረድ ተብለሃል።

30 ሜትር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግፊቱ ላይ ላዩን ካለው 4 እጥፍ ስለሆነ አየሩም በ4 እጥፍ ነው የሚያልቀው። 12 ሊትር ታንክ በ200 ባር ግፊት ተሞልቶ ወደ 2400 ሊትር አየር ይይዛል፣ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ላይ ላዩን 2 ሰዓት ይቆይበታል፣ እዛ ታች ግን እስከ ባዶ ቢጠቀመው እንኳ 30 ደቂቃ ነው፣ ለመውጫ የሚቀመጠውን ስትቀንስ ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ የደነገጠ ሰው እንደሆነ እጥፉን ይተነፍሳል። በዛ ላይ ናይትሮጅኑ እንደ መጠጥ አናት ላይ መውጣት የሚጀምረው እዚሁ አካባቢ ነው፣ የአየር መለኪያውን ጌጅ አይተህ ያየኸው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ይፈጅብሃል።

አንድ ጊዜ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ሰዎች አየሁ። ሰውየው አድቫንስድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ብስክሌት እንደሚነዳ እግሩን ይፈትላል፣ በእጁ ይቀዝፋል፣ ከኋላው ያለነው እሱ ባስነሳው አሸዋ ምንም አናይም፣ ሚዛኑ ሲጠፋው ኮራሉን ይይዛል። ሴትየዋ ያላት የመጀመሪያው ካርድ ብቻ ነው፣ ግን ለዓመታት ስትጠልቅ የኖረች ናት። ከአሸዋው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ አግድም ተንሳፋለች፣ እጇን አጣጥፋ፣ አየር ስትስብ ትንሽ ከፍ፣ ስታወጣ ትንሽ ዝቅ፣ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም። ሰውየው 70 ባር ሲቀረው እሷ ገና ግማሹንም አልነካችም። በካርድ ብትሄድ ግን ጥልቁ ቦታ ላይ የሚፈቀድለት እሱ ነው!

ኢንስትራክተሮች ይሄን ስታነሳባቸው ኮርሱ ወደፊት ሊያራምድህ ነው እንጂ የበቃህ ነህ ሊልህ አይደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም መጀመሪያ 30 ሜትር የወረድኩት አስተማሪ አጠገቤ ሆኖ መሆኑ ጥሩ ነበር፣ ብቻዬን ከምሞክረው። ግን እንደዛ ከሆነ ስሙን ቀይሩታ! ኤስኤስአይ የሚባለው ሌላ አሠልጣኝ ድርጅት አድቫንስድ ኦፕን ዋተር ለሚለው ካርድ 4 ልዩ ኮርስ እና 24 ዳይቭ ይጠይቃል፣ ስሙ ያው ነው፣ ነገርየው ግን ሌላ። ጂዩኢ የሚባሉት አሠልጣኞች ደግሞ መሠረታዊ ኮርሳቸው ላይ አግድም ሆነህ ረግተህ መንሳፈፍ ካቃተህ ገና ነህ ብለው ይመልሱሃል፣ ካርዳቸውም ጊዜው ያልፋል። የፓዲው አያልፍም፣ 10 ዓመት ውሃ ሳትነካ ብትመጣም አድቫንስድ ነህ።

አስተማሪውንም ብቻ መውቀስ አልፈልግም። የሚተዳደረው በተማሪ ቁጥር ነው፣ ተማሪው ለእረፍት መጥቶ ከነገ ወዲያ ይበራል፣ በሁለት ቀን ካርድ ካልሰጠኸኝ ጎረቤት ያለው ይሰጠኛል ይላል፣ እና ማን ደፍሮ ይጥለዋል?

የዳይቭ ብዛትም ብቻውን አያስተማምንም፣ አንድ ረጋ ያለ ቦታ ላይ ከጋይድ ኋላ 200 ጊዜ የዋኘ ሰው ኮምፓስ አንብብ ስትለው ግራ ይገባዋል። የበሰሉ ጋይዶች ስለዚህ ካርዱን ያዩና መጨረሻ የጠለቅከው መቼ ነው ይሉሃል፣ ከዛ ዝም ብለው መተንፈሻውን፣ ሬጉሌተሩን፣ ታንኩ ላይ ስትገጥም እጅህን ያያሉ።

እኔ አሁን ጀልባ ላይ ስጠየቅ ካርዱን ከማውጣቴ በፊት ስድስት ወር አልጠለቅኩም፣ የመጀመሪያውን ዳይቭ 10 ሜትር አካባቢ እናድርገው እላለሁ። አንዳንዱ ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «እንዴ፣ አድቫንስድ አይደለህ እንዴ?» ይለኛል።